የስምሪት ክፍሉ ጠበኞች

ኢፍቱ ሰውየውን የጠላችው ስሙን እንኳ ሳታውቅ ነው።

የጥቅምት መጨረሻ ነበር። ጎባ ያለችውን አራስ እህቷን ሰሚያን ልትጠይቅ ሄዳ አድራ፣ ጠዋት ወደ ሮቤ በሚመለስ ሚኒባስ ተሳፍራለች። ከፊቷ የተቀመጠ ረጅም ወጣት በስልክ ያወራል። ድምፅ ዝቅ ማድረግ የሚባል ነገር አልፈጠረበትም።

«ቀላል ነው ስልህ!» ይላል። «የዩኒየኑን ኮምባይነሮች በሙሉ እስካሁን የምታሰማራው አንዲት ሴት ናት አሉ። ደብተርና ሁለት ስልክ ይዛ! በዚህ ዘመን! ሲስተሙ ይግባ እንጂ ከዚህ አዝመራ በኋላ እሷ ምን ትሠራለች? ወይ አንገቱ ከተማ ወዳለው ቡና መጋዘን ይልኳታል፣ ወይ ያሰናብቷታል።»

ኢፍቱ ጆሮዋን አቀናች። ሮቤ ውስጥ የገበሬዎች ዩኒየን ኮምባይነር በደብተርና በስልክ የምታሰማራ ሴት ሁለት የለችም። ስድስት ዓመት ሙሉ፣ ስንዴው ሲደርስ የሲናና ገበሬ ሁሉ የሚደውለው ለእሷ ነው። ከወንበሯ ልትነሳ መሆኑን ግን አሁን ከማታውቀው ሰው ማጅራት እየሰማች ነው። ማጅራቱን አየችው። ጠላችው።

ሮቤ መናኸሪያ ደርሰው ሰው ሲወርድ ትከሻውን በጣቷ ነካ አደረገችው።

«ወንድሜ፣ ሁለት ስልክ አይደለም።»

«አቤት?»

«ያቺ ሴትዮ። ሦስት ስልክ ነው ያላት። ሪፖርትህ ላይ እንዳትሳሳት።»

አፉን እንደከፈተ ጥላው ሄደች። አንድ ሰዓት ሳይሞላ ሥራ አስኪያጁ አቶ ፍስሐ ያንኑ ረጅም ሰው ይዘውላት ወደ ስምሪት ክፍል ገቡ። ቦሩ ይባላል፤ የጎባ ልጅ ነው፤ አዳማ ተምሮ፣ አዳማ ሠርቶ፣ አሁን ሲስተም ሊተክል የመጣ። ቦሩ ሲያያት ጆሮው ከጫፉ ጀምሮ ቀላ።

አቶ ፍስሐ ከደብረ ብርሃን ተቀጥረው የመጡ፣ ጠብ አጥብቀው የሚፈሩ ሰው ናቸው። ስለዚህ ጠቡን ሳይጀመር በመመሪያ አሰሩት።

«ይህን አዝመራ ሁለታችሁም ትሠራላችሁ» አሉ። «ገበሬው በታብሌት ይመዘገባል፤ የማጨጃውን ተራ ሲስተሙ ያወጣል። ኢፍቱ፣ ተራ መለወጥ ካስፈለገሽ ምክንያትሽን ሲስተሙ ላይ ትጽፊያለሽ። ቦሩ እዚያው ይመልስልሻል። ሁሉም ነገር በጽሑፍ! አፍ ለአፍ የለም። አዝመራው ሲያልቅ ቦርዱ አይቶ ይወስናል።»

«ምን ብሎ ይወስናል?»

አቶ ፍስሐ መስኮቱን አዩ። «ሲስተሙ ብቻውን ከቻለ፣ አንቺ ወደ አንገቱ ትዛወሪያለሽ።»

ከሮቤ አንገቱ ማለት የሳነቴን ተራራ ወጥቶ የሃረናን ደን መውረድ ማለት ነው። የኢፍቱ እናት ሞሚና ዓይናቸው ከደከመ ሁለት ዓመት አልፏል። ኢፍቱ በየቀኑ በምሳ ሰዓት ቤት ትደርሳለች፣ ታበላቸዋለች፣ የዓይን ጠብታቸውን ታደርግላቸዋለች፣ ትመለሳለች። ከአንገቱ ለምሳ ደርሶ መመለስ የለም። ወንበሯ ለእሷ ደመወዝ ብቻ አልነበረም።

ከዚያች ቀን ጀምሮ ሁለቱ ዓይንና ናጫ ሆኑ።

ክፍሉ ጠባብ ነው። ሁለት ጠረጴዛ፣ መሀል የፋይል መደርደሪያ። እጃቸውን ቢዘረጉ ይነካካሉ። እነሱ ግን በመመሪያው መሠረት ይጻጻፋሉ።

ኢፍቱ ትጽፋለች፦ «ማሽን አራት ወደተባለው ቦታ አይሄድም። መሬቱ ረግረግ ነው፣ ይሰምጣል። ካርታ ላይ አይታይም፤ እግር ላለው ሰው ይታያል።»

ቦሩ ይመልሳል፦ «ምክንያቱ ተቀባይነት አግኝቷል። ስለ እግር የተጻፈው ከሥራው ጋር ግንኙነት የለውም።»

«ስለ ጭንቅላት ባለመጻፉ አመስግን።»

«የምስጋና ሳጥን ሲስተሙ ላይ የለም።»

«ባለቤቱም ላይ የለም።»

አቶ ፍስሐ ይህን ሁሉ በየቀኑ ከሥራ መውጫ በፊት ቢሯቸው ሆነው ያነባሉ። ሲያነቡ ይስቃሉ፤ ሲወጡ ይኮሳተራሉ።

ጠብ ግን ሰውን ማጥናት ይጠይቃል። ኢፍቱ ሳታስበው ቦሩ ሻይ ያለ ስኳር እንደሚጠጣ፣ ሲያስብ የእስክርቢቶ ክዳን እንደሚያኝክ፣ ሲሳሳት ጆሮው ከአፉ ቀድሞ እንደሚያምን አወቀች። ጆሮው መቅላቱን ለማየት ስትል በመደርደሪያው ክፍተት ማየት ለመደች። አንድ ቀን ስታይ እሱም እያያት ነበር። ሁለቱም ፋይል የሚፈልጉ መሰሉ።

በጣም የሚያናድደው የስልክ ንግግሯ ነበር። «አካም ቡልተኒ» ብላ ትጀምራለች። ማደር ትጠይቃለች፣ ላሟን ትጠይቃለች፣ ጉልበት የሚያመውን አጎት ትጠይቃለች፣ የልጅ ትምህርት፣ የጎረቤት ለቅሶ፣ አዲስ የተገዛ ቆርቆሮ። አንድ ሳምንት ሰዓት ይዞባት ሲስተሙ ላይ ለጠፈው፦ «የአንድ ስልክ ንግግር አማካይ ርዝመት ዘጠኝ ደቂቃ። ከዚህ ውስጥ ስለ ማሽን የተነገረው አርባ ሴኮንድ።»

ኢፍቱ አነበበችው። ወዲያው ጻፈች፦ «ከሁለቱ የትኛው ሥራ እንደሆነ ገና አልገባህም። የሚገባህም አይመስለኝም።»

ያን ቀን ሳይሰነባበቱ ወጡ።

ኅዳር ላይ ኦቦ ዱጉማ መጡ። መጡ ከማለት ወረዱ ቢባል ይሻላል። ኦቦ ዱጉማ የዩኒየኑ ቦርድ ሰብሳቢ ናቸው፤ ሲስተሙም በእሳቸው ድምፅ የገባ ነው። የዚያን ዕለት ፀጉራቸው ውስጥ ገለባ፣ ዓይናቸው ውስጥ እሳት ይዘው በሩን በርግደው ገቡ።

«ስንዴዬ መሬት ላይ ነው!» አሉ። «ማሽኑ አርባ ጆንያ ይዞ መጣ። አርባ! የልጆቼን አንሶላ ሳይቀር አንጥፌ እህል አፈሰስኩበት! ሰማዩን አይታችኋል?»

ቦሩ ላፕቶፑን አዞረላቸው። «ኦቦ ዱጉማ፣ የሚጠበቅ ምርት ተብለው ሲጠየቁ ሠላሳ ኩንታል ብለው ያስመዘገቡት እርስዎ ራስዎ ነዎት። ይኸው።»

«ታዲያ ምን ልበል?»

«ትክክለኛውን ነዋ!»

ኦቦ ዱጉማ ከእግር እስከ ራሱ አዩት። «ሳይታጨድ የቆመ እህል ይቆጠራል? ምላሴን ላስበላው? አንተ የማን ልጅ ነህ?»

የቦሩ ጆሮ ብቻ ሳይሆን አንገቱም ቀላ።

ኢፍቱ ይህችን ቀን አንድ ወር ጠብቃታለች። አንጀቷ ቅቤ መጠጣት ነበረበት። ግን ፊቱን ስታየው ያ ደስታ አልመጣም፤ ይህም ለብቻው አናደዳት። በዚያ አገር አዱኛውን በአፉ የሚቆጥር ገበሬ የለም። ከብቱን «ጥቂት ናቸው» ይላል፤ ስንዴው ደረት ቢደርስ «አላህ ካለ ቁራሽ አናጣም» ይላል። የሰው ዓይን አለ፤ ከዓይን በላይ ደግሞ ያላለቀውን አለቀ ማለት ድፍረት ነው። ቦሩ ይህን ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም። ጎባ ያደገባቸው አያቱም ላሞቻቸውን ቆጥረው አያውቁም። ታብሌት ሲይዝ ግን፣ ቁጥር የተጠየቀ ሰው ቁጥር የሚመልስ መሰለው።

ኦቦ ዱጉማ ጆንያ አስጭነው ወጡ። ከዚያ ቦሩ ኢፍቱን በአፉ አናገራት። በአንድ ወር ውስጥ የመጀመሪያው ነው።

«አንቺ እንዴት ነው የምታውቂው? ስንት ጆንያ እንደሚበቃ?»

«ስንት ኩንታል ብዬ አልጠይቅም።»

«ታዲያ?»

«ኦቦ ዱጉማን ‹ዘንድሮ ልጅ ይድራሉ ወይ?› እላቸዋለሁ። ‹ኢንሻ አላህ ከጥር በኋላ› ካሉኝ ሦስት አይሱዙ የሚሞላ ጆንያ እልካለሁ። ‹ምን ያስቸኩላታል፣ ትማር› ካሉኝ አንድ ይበቃል።»

ቦሩ ክዳኑን ማኘክ ተወ። «ዘጠኙ ደቂቃ…»

«ዘጠኙ ደቂቃ እሱ ነው።»

አየችው። ስድብ ጠብቃ ነበር፤ እሱ ግን ያለችውን ወረቀት ላይ ጻፈ። በማግስቱ የስድስት ዓመት ደብተሮቿን ሲስተሙ ላይ እንዲያስገባቸው ሲለምናት፣ ስድስቱንም አቧራቸውን አራግፋ ሰጠችው። ማንም ነክቷቸው የማያውቅ ደብተሮች ናቸው።

ይህን ማድረጓ በሦስተኛው ቀን ጸጸታት።

«አዴ ሽቶ የሚባሉ ሴትዮ ታውቂያለሽ?» አላት ቦሩ። ቆሞ ነው የጠየቃት።

«የሲናናዋ? የእናቴ ጓደኛ ናቸው። ባላቸው የሞተባቸው። ምነው፣ ምን ሆኑ?»

«ስድስት ዓመት፣ ስድስቱንም ዓመት የመጨረሻ ተራ ነው የደረሳቸው። ሦስቱን ዓመት ዝናብ ቀድሟቸዋል። ራስሽ ጽፈሻል፦ ‹በሰበሰ›፣ ‹በሰበሰ›፣ ‹ግማሹ በቀለ›።»

ኢፍቱ ከደብተሮቹ አንዱን ገለጠች። «እሳቸው… ደውለውልኝ አያውቁም።»

«አየሽ? ማሽን የምትልኪው ስንዴው ለደረሰበት አይደለም፤ ለሚደውልልሽ ነው። ዘጠኝ ደቂቃ የሚያወራሽ ያጭዳል። ዝም ያለ ይበሰብስበታል።»

«ደብተሬን የሰጠሁህ ልትማርበት ነበር» አለች። «ልትወጋኝ አይደለም!»

«እኔ አይደለሁም የተናገርኩት፣ ቁጥሩ ነው።»

«ቁጥር አፍ የለውም! አፍ ያለህ አንተ ነህ፣ እሱም መርዝ ነው!»

ደብተሮቹን ከጠረጴዛው ላይ ጠርጋ አቅፋ ወጣች። በሩን ስትዘጋው መስኮቱ ጭምር ጮኸ። አንድ ቃል ዋሽቶባት ቢሆን ይቅር ባለችው። እውነቱን ነው የተናገረው፤ ለዚያ ይቅርታ አልነበራትም።

በማግስቱ በባጃጅ ሲናና ወረደች።

አዴ ሽቶ ግቢ በር ላይ ተቀብለው ግንባሯን ሳሙ። ስለ እናቷ ዓይን ጠየቁ፣ ስለ ሰሚያ አራስነት ጠየቁ፣ ወተት አቀረቡ። ከቤቱ ጀርባ ስንዴው ደርሶ፣ ከብዶት አጎንብሷል። ከግድግዳው ሥር ያምናው የበቀለና የጠቆረ እህል ክምር አለ፤ ዶሮዎች ይጭሩታል።

«አዴ ሽቶ፣ ለምን አይደውሉልኝም ነበር?»

«አንዴ ደወልኩ እኮ፣ የኔ ልጅ። ተይዟል አለኝ። ልጅቷን ሥራ አላስፈታም ብዬ ተውኩት።»

«ስድስት ዓመት?»

«ስንቱ ነው ያለብሽ! እኔ ብቻዬን ነኝ፤ ጥቂት ይበቃኛል። አልሐምዱሊላህ።»

ኢፍቱ ወተቱን መጠጣት አቃታት። ቢቆጧት፣ ቢረግሟት ምንኛ በቀለላት! እሳቸው ጭራሽ «ከስተሻል፣ አትበይም እንዴ?» ይሏታል። ዓይኗን ልታብስ ወደ እርሻው ወጣች።

እርሻው ዳር ላይ አንድ ረጅም ሰው ከእሾህ አጥር ጋር ይታገላል። ሱሪው ላይ ችጎጎት ተለጣጥፎበታል። ቦሩ ነው።

«ልታስቆጥረኝ ነው የመጣኸው?» አለችው። «ስንቱ እንደበሰበሰ ልትለጥፍብኝ?»

ቦሩ ታብሌቱን ዘረጋላት። ፊቱ ተሰብሯል። ከዚያ ቀን በፊት ሲጣሉ የነበረው ሁሉ በአማርኛ ነው፤ ሲስተሙም ሥራ አስኪያጁም የሚያነቡት በአማርኛ ነዋ። አሁን ግን በኦሮምኛ አወራት፣ ቀስ ብሎ፣ እንደ ቤቱ ሰው።

«የእኔም ሲስተም እኮ መጨረሻ ላይ ነው ያስቀመጣቸው» አላት። «የምዝገባው ልጅ ስንት ኩንታል ሲላቸው ‹ትንሽ ናት› አሉት፤ አራት ብሎ ጻፈ። ከሁሉም በታች ናቸው። ትናንት በአንቺ ላይ ከጮህኩ በኋላ ነው ያየሁት።»

ኢፍቱ ስክሪኑን አየች። ከስሞቹ ሁሉ ሥር፣ ሽቶ።

«አንቺ የሚጮኸውን ትሰሚያለሽ» አለ። «የእኔው ደግሞ ብዙ አለኝ የሚለውን።»

«እሳቸው አይጮሁም፣ አለኝም አይሉም።»

«አዎ።»

ነፋሱ ስንዴውን እያንሾካሾከ አለፈ። የቦሩ እጅ በእሾሁ ተቧጥሮ ይደማል። ኢፍቱ እጁን ልትይዘው ምንም አልቀራትም። አልያዘችውም። ግን እንዳልያዘችው እሱም አወቀ።

«ዝናቡ ነገ ከሰዓት ነው የሚለው» አለ ዝቅ ብሎ።

«ማሽን አራት ነገ ጠዋት የኦቦ ዱጉማ ሁለተኛው እርሻ ላይ ነው።»

«ይህ እርሻ ግማሽ ቀን አይፈጅም።»

«ሰብሳቢው ናቸው፣ ቦሩ። ወንበሬን በእጃቸው የያዙት እሳቸው ናቸው።»

ቦሩ አልገፋፋትም። ኢፍቱ ወደ ቤቱ ዞራ አየች። አዴ ሽቶ በር ላይ ቆመው፣ እንግዶቹ ወተት ሳይጠጡ እንዳይሄዱ ይጠብቃሉ።

«ታብሌቱን አምጣው» አለች። በራሷ ስም ተራውን ለወጠች። ምክንያት በሚለው ሳጥን ውስጥ «ስድስት ዓመት ስለጠበቁ» ብላ ጻፈች።

በማግስቱ ማሽን አራት ረፋዱ ላይ የአዴ ሽቶን ስንዴ ጨርሶ ወደ ኦቦ ዱጉማ ሄደ። ዝናቡ ግን የተባለውን ሰዓት አልጠበቀም፤ እኩለ ቀን ላይ መጣ፣ በረዶ ቀላቅሎ። የአዴ ሽቶ እህል ጆንያ ውስጥ ነበር። ከኦቦ ዱጉማ እርሻ ሁለት ሄክታር ስንዴ ጭቃ ላይ ተኛ።

ሳምንት ሳይሞላ አቶ ፍስሐ ኢፍቱን ቢሯቸው አስጠሯት። ተረማምደው በሩን ዘጉ።

«ቦርዱ ነገ ይሰበሰባል። አንቺ ግን ተርፈሻል» አሉ። «ተራውን የለወጠው ቦሩ ነው፤ መዝገቡ ላይ ስሙ አለ። ኃላፊነቱን ወስዶ የመልቀቂያ ደብዳቤ አስገብቷል። ኦቦ ዱጉማም ‹ይህ ሲስተም የሚባል ነገር ይነሳልኝ› ብለዋል። ወንበርሽ ያንቺ ነው። እንኳን ደስ አለሽ።»

«የእሱ ስም?»

«የእሱ።»

ሄዳ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። ሦስቱም ስልኮች ይጮሃሉ። በመደርደሪያው ክፍተት አየች፤ ከወዲያ ባዶ ጠረጴዛና የታኘከ የእስክርቢቶ ክዳን ብቻ ነበር። የፈለገችው ሁሉ ተሰጥቷታል፤ እናቷ ምሳቸውን ይበላሉ፣ ጠብታቸው አይቋረጥም፣ ጠላቷ ሄዶላታል። ስልኮቹን አንድ በአንድ አጠፋችና የጎባ ሚኒባስ ተሳፈረች።

የቦሩ አባት ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ሱቃቸው ጎባ ገበያው ጥግ ነው። ሦስት ሴቶች ልክ ሊያስለኩ ተቀምጠዋል። ቦሩ ጨርቅ ያጣጥፋል። ኢፍቱ ሰላምታ ሳትሰጥ በሩ ላይ ቆመች፤ ጎባ ያን ያህል ባለጌ እንግዳ አይታ የምታውቅ አይመስልም።

«ስሜን አጥፋልኝ ያለህ ማነው?»

ጨርቁ ከእጁ ወደቀ። «ወንበርሽ እንዲቀርልሽ ብዬ… እናትሽ…»

«ጠየቅኸኝ?»

«ብጠይቅሽ እምቢ ትዪ ነበር።»

«አዎ እምቢ እል ነበር! ሰው የሚጠየቀው እኮ እምቢ ማለት ስለሚችል ነው! አንተም እንደ ሲስተምህ ነህ፤ ለሰው አስበህ፣ ቆርጠህ፣ ጨርሰህ ትጠብቃለህ!»

የአባትየው የስፌት መኪና ቆመ። ከሴቶቹ አንዷ ጉሮሮዋን ልትጠርግ ፈልጋ ተወችው።

«ወድጄሽ ነው» አለ ቦሩ። አባቱ ፊት፣ ሦስት ደንበኞች ፊት። ጆሮው ነደደ።

የኢፍቱ ቁጣ ግን አልበረደም። «እኔስ ምን ሆኜ እዚህ ድረስ መጥቼ የምጮህ ይመስልሃል? ለማልወደው ሰው በጽሑፍ ነው የምመልሰው።»

አባትየው በክር መቁረጫው ወደ በሩ ጠቆሙ። «ውጭ ጨርሱት» አሉ፤ ሳቃቸውን ለመደበቅ ጎንበስ ብለው።

ውጭ፣ ባሕር ዛፉ ሥር ቆሙ።

«ነገ ቦርዱ ፊት እውነቱን መናገር እፈልጋለሁ» አለችው። «ከተናገርኩ መዝገብ መቀየርህም ይወጣል። አንተም ትጠየቅበታለህ። ስለዚህ እየጠየቅሁህ ነው። ልናገር?»

ቦሩ የሱቁን በር ዞሮ አየ። እምቢ ሊል እንደሚችል ኢፍቱ አወቀች፤ ቢልም እንደማትጠላው አወቀች።

«ተናገሪ» አለ በመጨረሻ።

ተናገረች። ኦቦ ዱጉማ ከረጅሙ ጠረጴዛ ጫፍ እጃቸውን አጣጥፈው ሰሟት። ተራውን የለወጠችው እሷ መሆኗን፣ ስድስት ዓመት የበደለችው እሷ መሆኗን፣ ሰባተኛውን ዓመት ሊበድል የነበረው ታብሌቱ መሆኑን ሳትሰስት ነገረቻቸው።

«ሲስተሙን አታንሱት» አለች። «እሱ ባይኖር የአዴ ሽቶን ስም አላየውም ነበር። ግን ብቻውንም አትተዉት። ብቻውን የተተወ ዕለት ኦቦ ዱጉማ እንኳ የሠላሳ ኩንታል ሰው ነበሩ።»

አንድ ሁለቱ የቦርድ አባላት ሳቁ። ኦቦ ዱጉማ አልሳቁም።

ውሳኔው ሳይውል ሳያድር መጣ። ሲስተሙ ይቀጥላል፤ የስምሪት ሠራተኛም ይኖራል፤ ከእንግዲህ ገበሬው እስኪደውል አይጠበቅም፣ ለእያንዳንዱ ይደወላል። ቦሩ በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶት ሥራው ላይ ይቆያል። ኢፍቱ፣ ያለፈቃድ ተራ ስላፋለሰች፣ ከወሩ መጀመሪያ አንገቱ።

«ልክ ነሽ» አሏት ኦቦ ዱጉማ ስትወጣ። «ልክ መሆንሽ ግን ጭቃ ላይ የተኛ ስንዴዬን አያነሳም።»

ግቢው ውስጥ የቆሙት ኮምባይነሮች ጭቃቸው ሳይደርቅ ፀሐይ መቷቸዋል። ቦሩ ከአንዱ ጎማ ሥር ቁጭ ብሎ ይጠብቃት ነበር። ስትወጣ ተነሳ። ፊቷን ብቻ አይቶ ገባው።

«አንገቱ» አለችው። «እናቴ ሰሚያ ዘንድ ጎባ ትገባለች። ትናንት ነገርኳት። ‹ዓይኔን ብለሽ ምላስሽን ልትቆርጪ ነው?› አለችኝ።» ሳቀች፤ ሳቁ መሀል ላይ እንባ ሆነ። ወንበሯን ስታጣ ምን ያህል ትወደው እንደነበር ያኔ ተሰማት፤ ስልኮቿን፣ ሲናናን፣ «ኢፍቱ ነሽ?» የሚሉትን ድምፆች። ለማንም ያላሳየችውን ልቅሶ እዚያ ጭቃ መሀል ቆማ አለቀሰች። እሱም አጠገቧ ቆመ፤ አላባበላትም።

እንባዋ ሲቆም መናገር ጀመረ፣ እየተጣደፈ። «እኔም ዝውውር አስገባለሁ። ሲስተሙን ከዚያም ሆኜ መሥራት ይቻላል። ቤት እንፈልጋለን፣ አባቴ ሽማግሌ ይልካሉ፣ ከረመዳን በፊት ይደርሳል፣ እኔ አስቤ ጨርሻለሁ…»

ኢፍቱ ቀና ብላ አየችው።

ቦሩ አረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ ቆመ። ያለውን ሰማው። ጆሮው ቀስ በቀስ ቀላ፤ ምራቁን ዋጠ። እጆቹን የሚያደርግበት ጠፍቶት ኪሱ ውስጥ ከተታቸው፣ መልሶ አወጣቸው።

«ልምጣ?» አላት።

መልሱን የማያውቅ ሰው ፊት ነበረው፤ እምቢ ብትለው ተሸክሞት የሚሄድ ሰው ፊት። አዝመራውን ሙሉ ከመደርደሪያ ወዲያ ስትፈልገው የከረመችው ፊት ይህ ነበር።

«ና» አለችው።